ለውሻና ለድመት መጠለያ ገንዘብ የሚገኝባቸው መንገዶች፦ ከጎጃም ሲመዘኑ

ባለቤት አልባ ውሾችንና ድመቶችን ለመርዳት ገንዘብ የሚሰበሰብባቸው አገልግሎቶች ብዙ ናቸው። ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም ወይም ሞጣ ሆኖ ለሚሠራ ቡድን የሚሆኑት ግን ጥቂት ናቸው። እዚህ የምንመዝነው ቴሌብርን፣ የባንክ ጥምር ሂሳብን፣ ጎፈንድሚና ግሎባልጊቪንግ የተባሉትን የመዋጮ ድረ ገጾች፣ የውጭ እርዳታ ሰጪ ድርጅቶችንና በእድር ሥርዓት የሚሰበሰበውን ወርኃዊ መዋጮ ነው። መመዘኛችን አንድ ነው፤ የተሰጠው ብር ስንት ክትባት፣ ስንት ቀዶ ጥገና፣ ስንት ኪሎ ዱቄት ሆኖ እንስሳው ዘንድ ይደርሳል?

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ትንሽም ብትሆን በየወሩ የማትቋረጥ የአገር ቤት መዋጮ በዓመት አንዴ ከሚመጣ ትልቅ ስጦታ ትበልጣለች። የመጀመሪያውም ብር መዋል ያለበት ለግንብና ለአጥር ሳይሆን ለክትባትና ለማምከን ነው። ምክንያቱ ወጪው በመጠን ሲቀመጥ ይታያል።

ወጪው በመጠን

ዋጋ በየገበያው ቀን ስለሚለዋወጥ የምንሰጠው መጠኑን ነው፤ ብሩን የየከተማው ገበያ ይሙላው። 15 ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳ ውሻ በቀን 850 ካሎሪ ገደማ ይፈልጋል። 200 ግራም የበቆሎ ዱቄት ከዚህ ውስጥ 700 ያህሉን ይሸፍናል፤ የቀረውን 100 ግራም የበሰለ ሥጋ ወይም የሆድ ዕቃ ይሞላዋል። 20 ውሾች ላሉት መጠለያ ይህ በወር 120 ኪሎ ዱቄትና 60 ኪሎ ሥጋ ይሆናል። ማገዶው፣ ውሃውና የጠባቂው ደመወዝ ገና አልተነሣም። ወሩ ባለፈ ቁጥር ያው ወጪ ተመልሶ ይመጣል፤ አንድ ሰው ሌሊት ሦስት ቡችላ በር ላይ ጥሎ ሲሄድ ደግሞ ይጨምራል።

እነዚያኑ 20 ውሾች ከእብድ ውሻ በሽታ ለመከተብ ግን 20 ሚሊ ሊትር ክትባት ይበቃል፤ ለአንድ ውሻ፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ አንድ ሚሊ ሊትር ነው። ብልቃጡ ባለ 10 ዶዝ ከሆነ ሁለት ብልቃጥ ማለት ነው። በዚህ ላይ 20 መርፌ፣ የበረዶ ሳጥንና የአንድ ሐኪም ግማሽ ቀን ይጨመራል። ስለዚህ ለጋሽ ሲጠየቅ “ለውሾቹ እርዱ” ከማለት “የአንድ ብልቃጥ ክትባት ለ10 ውሾች” ማለት ይሻላል፤ ሰጪው የሰጠውን ያውቃል፣ ተቀባዩም ደረሰኙን ከብልቃጡ ጋር ያያይዛል።

የምግብ ገንዘብ ዓመቱን ሙሉ እኩል አይጠየቅም። በቅበላ ሰሞን አጥንትና ትርፍራፊ በየመንደሩ ይትረፈረፋል። ከዘወረደ ጀምሮ ግን 55 ቀን ሙሉ አብዛኞቹ ሥጋ ቤቶች ስለሚዘጉ የጎዳና ውሻ የሚያገኘው ነገር ይጠፋል፤ መጠለያውም የሆድ ዕቃ የሚገዛበትን ቦታ ያጣል። በሁዳዴ ውሾች በቡድን ሆነው ወደ ቆሻሻ መጣያና ወደ በግ በረት የሚጠጉት ረሃብ እየገፋቸው ነው። ስለዚህ የምግብ መዋጮ መጠየቂያው ወቅት ጥርና የካቲት ነው፤ የሁለት ወር ዱቄትና አተር ክክ በዚያን ጊዜ ተገዝቶ ይቀመጣል። በደንብ የበሰለ ክክ ለውሻ የሥጋን ቦታ በከፊል ይተካል። ባሕር ዳር ደግሞ የተለየ ዕድል አላት። በጾም የዓሣ ፍላጎት ስለሚጨምር ከጣና ዓሣ አጥማጆችና ከሚቆርጡት ሰዎች ጭንቅላትና ትርፍራፊ በብዛት ይገኛል። ጥሬውን አይሰጥም፤ ተቀቅሎ፣ አጥንቱ ተለቅሞ ነው።

ድመት ግን በዱቄት አትኖርም። ታውሪን የተባለውን ንጥረ ነገር ከሥጋና ከዓሣ ካላገኘች ዓይኗ ይደክማል፣ ልቧም ይታመማል። ሦስት ኪሎ ለምትመዝን ድመት በቀን 200 ካሎሪ ገደማ በቂ ነው፤ አብዛኛው ከእንስሳት ተዋጽኦ መምጣት አለበት። ከሆቴል የሚለመን የወጥ ትርፍራፊ ነጻ ስለሆነ ብዙ ሰው ይቀበለዋል፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የበዛበት ወጥ ግን የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፣ ለውሻም አይበጅም። ሆቴሎችን መለመን ካስፈለገ ወጥ ሳይሆን ያልተቀመመ የሥጋ ቁርጥራጭ፣ ሩዝና እንጀራ ይለመኑ።

ከቄራ የሚመጣው ነጻ ሳንባና ጉበት ትልቁ አደጋ ያለበት ስጦታ ነው። ውሃ የቋጠረ የትል ከረጢት ያለበትን ሳንባ ወይም ጉበት ውሻ ጥሬውን ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ወደ በግ፣ ወደ ከብትና ወደ ሰው ይመለሳል። ሰው ላይ ጉበትና ሳንባ ውስጥ እስከ ቀዶ ጥገና የሚያደርስ ከረጢት ይፈጥራል። መፍትሔው ርካሽ ነው። ማናቸውም የሆድ ዕቃ ውሃው ከፈላ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይቀቀላል፤ ውሾቹም ፕራዚኳንቴል የተባለው የትል መድኃኒት በኪሎ 5 ሚሊ ግራም በየስድስት ሳምንቱ ይሰጣቸዋል። ማገዶ ለመቆጠብ ብሎ ጥሬ ሥጋ የሚወረውር መጠለያ ከለጋሾች የሚሰበስበው ገንዘብ ለአካባቢው ጉዳት እየዋለ ነው።

ቴሌብር

ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. የጀመረው ቴሌብር ለትናንሽ መዋጮ የተሠራ ያህል ይመቻል። ኢንተርኔት የሌለው ሰው በ*127# ይልካል፤ ይህ ከከተማ ወጣ ላለ፣ ስማርት ስልክ ለሌለው ለጋሽ ትልቅ ነገር ነው። የግብይት ቁጥር ያለው አጭር መልእክት ወዲያው ስለሚደርስ ሂሳብ ለመያዝም ይቀላል።

ሁለት ቦታ ላይ ይበላሻል። አንደኛው የሐሰት መልእክት ነው። “ልኬአለሁ” ተብሎ የሚላክ ስክሪንሾት ማስረጃ አይደለም፤ ገንዘብ ያዡ የግብይት ቁጥሩን ከራሱ ስልክ የገቢ ዝርዝር ጋር ሳያመሳክር ደረሰኝ መጻፍ የለበትም። ሁለተኛው የስም ጉዳይ ነው። መዋጮው በአንድ ግለሰብ ስልክ ሲገባ ያ ሰው ቢታመም፣ አካባቢ ቢለቅ ወይም ስልኩ ቢጠፋ መጠለያው በአንድ ቀን ባዶ እጁን ይቀራል። ሐሜቱም አይቀርም፤ ንጹሕ ሰው እንኳ ይታማል። ስለዚህ ቴሌብር መቀበያ እንጂ ማስቀመጫ አይሁን። በየሳምንቱ አንድ የተወሰነ ቀን ይመረጥና የገባው ሁሉ ወደ ባንክ ይዛወር፤ የዝውውሩ ቁጥር በመዝገቡ ላይ ይስፈር።

ኔትወርክ ሲቋረጥ ሁሉም ይቆማል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር ማንም አይረሳም። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ገንዘብ ቢኖርም ዱቄት አይመጣም። የ15 ቀን ምግብ በመጋዘን፣ የአንድ ሳምንት ወጪ ደግሞ በጥሬ ብር በሁለት ሰው ቁልፍ ተቆልፎ መቀመጡ እዚህ ግድ ነው። አዲስ አበባ ላለ መጠለያ ይህ ትርፍ ጥንቃቄ ሊመስል ይችላል፤ ለጎጃም ግን አይደለም።

ለመዋጮ መቀበያ ቴሌብር ከአምስት ነጥብ አራት እንሰጠዋለን።

የባንክ ጥምር ሂሳብ

ንግድ ባንክ፣ ዓባይ ባንክ፣ ጸደይ ባንክ፤ የትኛውም ይሠራል። ጸደይ ባንክ የቀድሞው አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም) ስለሆነ በትናንሽ ወረዳ ከተሞች ሳይቀር ቅርንጫፍ አለው፤ ከቢቸና ወይም ከአዴት ራቅ ላሉ አባላት ይህ የመጓጓዣ ወጪ ይቆጥባል። ከባንኩ ስም ይልቅ የሚወስነው የፊርማው ሥርዓት ነው። ሦስት ፈራሚ ይመዘገብ፤ ከሦስቱ ማናቸውም ሁለቱ ሲፈርሙ ብቻ ብር ይውጣ። ሁለት ፈራሚ ብቻ ካለ አንዱ ሲታመም ውሾቹ ይራባሉ፤ አንድ ብቻ ከሆነ ደግሞ እምነት ይጠፋል። ሦስተኛው ፈራሚ እንስሳቱን በየቀኑ የማይንከባከብ ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ የሰፈሩ እድር ጸሐፊ ወይም አንድ የታወቀ መምህር።

ቡድኑ በማኅበርነት ሳይመዘገብ በግለሰቦች ስም የተከፈተ ጥምር ሂሳብ ለጅምሩ ያገለግላል። ከውጭ ድርጅት ገንዘብ መቀበል ሲመጣ ግን ምዝገባ ያስፈልጋል። ከአንድ በላይ ክልል የሚሠራ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ይተዳደራል፤ በአማራ ክልል ብቻ የሚሠራው የሚመዘገበው በክልሉ ነው። አዋጁ የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ይህ ቁጥር ያልተመዘገበ ቡድንንም ሊያስተምረው ይገባል። የሐኪም ክፍያ፣ ክትባት፣ ምግብና የእንስሳት ጠባቂ ደመወዝ የዓላማው ወጪ ሆነው ይመዝገቡ፤ የጽሕፈት፣ የስብሰባና የስልክ ወጪ ለብቻው ይለይ። መጀመሪያ ያልተለየ ወጪ በኋላ አይለይም።

ጎፈንድሚ

እ.ኤ.አ. በ2010 የተጀመረው ጎፈንድሚ በዓለም ትልቁ የታወቀ የመዋጮ ድረ ገጽ ነው፤ ኢትዮጵያ ግን ገንዘብ ወጪ ከሚደረግባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም። ደብረ ማርቆስ ያለ ሰው በራሱ ስምና በራሱ ባንክ ዘመቻ ሊከፍት አይችልም። አሜሪካ፣ ካናዳ፣ እንግሊዝ ወይም ሌላ የተፈቀደ አገር የሚኖር ሰው በዚያው አገር ባንክ ከፍቶት ብሩን ይልካል። ብዙ ዘመቻ የሚታገደው እዚህ ላይ ነው። አዘጋጁ ማን እንደሆነ፣ ከመጠለያው ጋር ያለውን ግንኙነትና ገንዘቡ በምን መንገድ ኢትዮጵያ እንደሚደርስ ገጹ ላይ በግልጽ ካልጻፈ ድርጅቱ ማስረጃ እስኪቀርብ ድረስ ክፍያውን ያቆማል። በሌላ አገር ስም፣ በሌላ አገር ኢንተርኔት ተደብቆ መክፈት ደግሞ ከነመዋጮው ያስዘጋል።

ክፍያው አሜሪካ ውስጥ ከእያንዳንዱ ስጦታ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ነው። ይህ ለትናንሽ ሰጪዎች ይከብዳል። ከ100 ዶላር 3 ዶላር ከ20 ሳንቲም ይቀነሳል፤ ከ5 ዶላር ግን 45 ሳንቲም ገደማ፣ ማለትም 9 በመቶ ያህል ይሄዳል። ስለዚህ የዳያስፖራ ወዳጆች በየሳምንቱ አምስት አምስት ዶላር ከሚልኩ ሰብስበው በሦስት ወር አንዴ ቢሰጡ ይሻላል። ሲከፍሉ የሚታየው ተጨማሪ “ጉርሻ” ለድረ ገጹ የሚሰጥ ነው፤ በፈቃድ ስለሆነ ዜሮ ማድረግ ይቻላል። ብዙ ሰጪ ያ ገንዘብ ለውሾቹ የሚሄድ ይመስለዋል፤ አስቀድሞ ቢነገረው መልካም ነው።

ወደ አገር ቤት ሲላክ በባንክ ይሁን። የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ በባንክ መላክ ቀድሞ የነበረበት ከባድ የምንዛሬ ጉዳት ቀንሷል። ከባንክና ፈቃድ ካለው አስተላላፊ ውጭ በእጅ የሚላክ ገንዘብ ሕገ ወጥ ነው፤ ደረሰኝ የለውም፣ ደረሰኝ የሌለው ስጦታ ደግሞ ለቀጣዩ ለጋሽ አይታይም።

ጎፈንድሚ የሚበጀው ጅምርና ፍጻሜ ላለው ነገር ነው፦ መኪና የገጨው ውሻ እግር ቀዶ ጥገና፣ የ50 ውሾች የማምከን ዘመቻ፣ አንድ የክትባት ማቀዝቀዣ። ለወርኃዊ ቀለብ ከተከፈተ በሦስተኛው ወር ይደክማል፤ ሰው አንድን ታሪክ ደጋግሞ አይረዳም። ለአንድ ጊዜ ሥራ ከአምስት ሦስት፣ ለቀለብ አንድ።

ግሎባልጊቪንግ ከዚህ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2002 የተመሠረተ ሲሆን ግለሰብን ሳይሆን የተመዘገበ ድርጅትን ነው የሚቀበለው፤ በኢትዮጵያ የሚሠሩ ድርጅቶችም ተጠቅመውበታል። የምዝገባ ወረቀት፣ የሂሳብ መግለጫና የአመራር ዝርዝር ይጠይቃል፤ በየጊዜው ሪፖርት ይፈልጋል። ወረቀቱ አድካሚ ነው፤ ተመዝግቦ ሁለት ዓመት ሂሳቡን በንጽሕና ለያዘ ማኅበር ግን ከጎፈንድሚ ይልቅ ወደዚህ መሄድ ይሻላል።

የውጭ እርዳታ ሰጪዎች

እዚህ ላይ ብዙ ድካም በከንቱ ይፈስሳል። ለመጠለያ ውሾችና ድመቶች ገንዘብ በመስጠት ስማቸው ገንኖ የሚታዩት የአሜሪካ ድርጅቶች የሚደጉሙት በአብዛኛው የራሳቸውን አገር መጠለያዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ፔትኮ ፋውንዴሽን ተብሎ የተቋቋመውና በ2021 ስሙን የለወጠው ፔትኮ ላቭ እንዲህ ነው፤ በ1866 የተመሠረተው በእንስሳት ላይ የሚፈጸም ጭካኔ የአሜሪካ መከላከያ ማኅበርም ዋና ድጎማው እዚያው ነው። የአሜሪካ የግብር ነጻነት ወረቀት ለሌለው የጎጃም ቡድን ማመልከቻ መጻፍ ጊዜ ማባከን ነው።

የእንግሊዞቹ በር ይበልጥ ክፍት ነው። ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1860 የተመሠረተው ባተርሲ ከራሱ መጠለያ አልፎ በሌሎች አገሮች የሚሠሩ ድርጅቶችን ይደግፋል፤ ዶግስ ትረስት ወርልድዋይድም እንዲሁ። ሚሽን ሬቢስ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የእብድ ውሻ በሽታን በጅምላ የውሻ ክትባት ለማጥፋት የሚሠራ ነው። ስፓና፣ ብሩክና ዶንኪ ሳንክቹዋሪ በኢትዮጵያ ይሠራሉ፤ ትኩረታቸው ግን የጋሪ ፈረስ፣ በቅሎና አህያ ነው። ስለ ውሻ መጠለያ ጽፎ ለነርሱ መላክ የተሳሳተ በር ማንኳኳት ነው።

እነዚህ ድርጅቶች “ውሾቹ ያሳዝናሉ” የሚል ደብዳቤ አይፈልጉም። የሚጠይቁት ቁጥር ነው፦ በከተማው ስንት ውሻ አለ? ስንቱ ተከተበ? የተከተበውን እንዴት አወቃችሁ? የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው 70 በመቶ ውሾች በየጊዜው ከተከተቡ በሽታው በውሾች መካከል መዛመቱ ይቆማል፤ ወደ ሰው ከሚተላለፈው ውስጥ 99 በመቶው ከውሻ ነው። ስለዚህ ከመጠለያ ማስፋፊያ ይልቅ “በዚህ ቀበሌ 70 በመቶ እንደርሳለን” የሚል ዕቅድ ይቀበላሉ።

ቆጠራው ሊቅ አይፈልግም። በክትባቱ ቀን እያንዳንዱ የተከተበ ውሻ ግንባሩ ወይም ጀርባው ላይ የበግ ምልክት በሚደረግበት ቀለም ይቀባል። በማግስቱ ሲነጋጋ፣ ውሾች ከየደጁ ሳይበተኑ፣ ሁለት ሰዎች በተወሰነ መንገድ እየሄዱ ያዩትን ሁሉ ይመዘግባሉ። 80 ውሾች ተከትበው በማግስቱ ከታዩት 60 ውስጥ 45ቱ ቀለም ካላቸው ሽፋኑ 75 በመቶ ነው፤ የአካባቢው ውሻ ብዛትም 107 ገደማ ይሆናል፤ 80 በ60 ተባዝቶ ለ45 ሲካፈል። ሲረፍድ ከተቆጠረ የታሰሩና የተደበቁ ስለሚቀሩ ቁጥሩ ይዛባል። ቀለሙ ሳይደርቅ ዝናብ ከመታውም እንዲሁ፤ ስለዚህ ክረምት ለቆጠራ አይሆንም።

ሌላው ማመልከቻ የሚጥለው ነገር የክትባቱ ቅዝቃዜ ነው። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ አለበት። ከባሕር ዳር ተገዝቶ በሚኒባስ ወንበር ሥር ወደ ሞጣ ወይም ወደ ዱር ቤቴ የሄደ ብልቃጥ ዋጋው ተከፍሏል፣ ሥራው ግን አጠራጣሪ ነው። በረዶው ላይ በቀጥታ ተጣብቆ የቀዘቀዘም ይበላሻል፤ ጨርቅ ወይም ካርቶን በመካከል ይግባ። በሳጥኑ ውስጥ ቴርሞሜትር አስቀምጦ በየሁለት ሰዓቱ መመዝገብ የወረቀት ጣጣ ይመስላል፤ ለጋሹ መጀመሪያ የሚያየው ግን ይህንን ወረቀት ነው።

ለጀማሪ ቡድን ከአምስት አንድ፤ ሁለት ዓመት መዝገብ ላለው አራት።

በዓይነት የሚሰጥ እርዳታ

ጎጃም ውስጥ ከገንዘብ ይልቅ ቶሎ የሚገኘው ሙያ ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዘንዘልማ ግቢ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለው፤ በየወረዳው የእንስሳት ጽሕፈት ቤት ሐኪም ይገኛል። በደብዳቤና በቀበሌ ድጋፍ ተጠይቆ ሐኪሙ ሲገኝ የተሰበሰበው ብር ለመድኃኒትና ለክር ብቻ ይውላል። የአንድ ሴት ውሻ ማምከን ምን ያህል እንደሚፈጅ ማወቅ ግን ግድ ነው። ዜይላዚንና ኬታሚን የተባሉት የማደንዘዣ መድኃኒቶች በተለመደው መጠን ለ15 ኪሎ ውሻ ሲሰላ (በኪሎ 1 እና 10 ሚሊ ግራም) በሚሊ ሊትር 50 ሚሊ ግራም ካለው ኬታሚን 3 ሚሊ ሊትር ይወስዳል። ባለ 10 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ ሦስት ውሻ ብቻ ይሸፍናል፤ ቀዶ ጥገናው ሲረዝም ጭማሪ ስለሚያስፈልግ ለአሥር ውሻ አራት ብልቃጥ መያዝ ይገባል። መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። በዚህ ላይ ለእያንዳንዷ ሁለት ፓኬት የሚሟሟ ክር፣ ንጹሕ ጓንት፣ አዮዲንና የሕመም ማስታገሻ አለ።

ገንዘብ ሲያንስ መጀመሪያ የሚቀነሰው ክሩና ማስታገሻው ነው፤ ያ ደግሞ ትልቁ ስሕተት ነው። የማይሟሟ ክር ከውጭ የተሰፋባት የጎዳና ውሻ በአሥረኛው ቀን ክሯን ለማስነቀል አትመለስም፤ ቁስሉ ይመረቅዛል። ከቆዳ ሥር በሚሟሟ ክር የተሰፋች ግን መመለስ አያስፈልጋትም። ከቀዶ ጥገና በኋላ ሙቀት ይወርዳል። ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ደጋ ስለሆኑ የሌሊቱ ብርድ የማደንዘዣው መድኃኒት ያልለቀቀውን እንስሳ ይገድላል። ደረቅ ገለባ፣ ጆንያና ነፋስ የማይገባበት ክፍል ለአንድ ሌሊት ቢያንስ፣ ለሴቶች ሁለት ሌሊት ይዘጋጅ። የተመከነ ውሻ ጆሮው ላይ በማደንዘዣው ውስጥ እንዳለ ትንሽ ምልክት ይቆረጣል፤ ድመት ደግሞ የግራ ጆሮዋ ጫፍ። ያ ምልክት ከሌለ ያችው ሴት ውሻ ወይም ድመት በሚቀጥለው ዘመቻ እንደገና ሆዷ ይከፈታል።

በበጀት ውስጥ ከሁሉ የሚረክሰውና ሰው ዓይን የሚያየውን ለውጥ የሚያመጣው የእከክ ሕክምና ነው። 1 በመቶ አይቨርሜክቲን ለ15 ኪሎ ውሻ 0.3 ሚሊ ሊትር ከቆዳ ሥር ይወጋል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደገማል። አንድ 50 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ ከ160 በላይ መርፌ ይወጣዋል። አደጋው በከብት መርፌ በግምት መውጋት ነው፤ አንድ ሚሊ ሊትር ለ50 ኪሎ የተሠላ ስለሆነ ቡችላ ላይ በቀላሉ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ባለ አንድ ሚሊ ሊትር የኢንሱሊን መርፌና የእህል ሚዛን ይህን ይፈታሉ። ለድመት ሁለት ነገር ፈጽሞ አይሰጥም፦ ፓራሲታሞልና ለውሻ ቁንጫ የሚረጨው ፐርሜትሪን። ሁለቱም ይገድሏታል። ሰዎች በቅንነት የሚለግሱት መድኃኒት ውስጥ ሁለቱም ይገኛሉ፤ ስለዚህ የተለገሰ መድኃኒት ሁሉ መደርደሪያ ላይ ከመውጣቱ በፊት ስሙና ማብቂያ ቀኑ በሐኪም ይታይ።

መጠለያ የሚያስተዳድር ደግሞ አዲስ የመጣውን ውሻ ለ14 ቀን ለብቻው ያቆየው። ፓርቮ የተባለው የቡችሎች የአንጀት በሽታ ቫይረስ የገባበት አፈር ለወራት ቡችላ ይገድላል። አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ፣ መጀመሪያ በሳሙና ከታጠበ ወለል ላይ ለአሥር ደቂቃ ሲቆይ ይገድለዋል፤ የአፈር ወለል ግን አይታከምም። ለግንባታ ገንዘብ ከተገኘ ለአጥር ሳይሆን ለዚህች አንዲት የሲሚንቶ ወለል ያላት ማቆያ ክፍል ይዋል። እንስሳቱን የሚንከባከቡት ሰዎች አስቀድመው የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ይውሰዱ። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ያጥብ፤ ከዚያም ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጠበል የሚሄድም ክትባቱን ጀምሮ ይሂድ።

የእድር ሥርዓት

ከሁሉ በላይ የምናስቀምጠው ይህንን ነው። 60 ሰው በየወሩ የሚያዋጣው ትንሽ ብር፣ በታወቀ ቀን፣ በታወቀ ቦታ፣ በቃለ ጉባኤ። ሰው እድር ላይ ያልከፈለበትን ወር ያውቃል፣ የሚቆጣጠረውንም ሰው ያውቃል፤ ይህንን ልማድ ድረ ገጽ አይሰጥም። ቤቱን የሚጠብቅ ውሻና ጎተራውን ከአይጥ የምትጠብቅ ድመት ያለው ቤተሰብም አባል ይሆናል፤ መዋጮው የራሱን እንስሳ ዓመታዊ ክትባት ስለሚጨምር ስጦታና ጥቅም አብረው ይሄዳሉ። ባለቤት ያላቸው ውሾች ካልተከተቡ 70 በመቶ የሚደረስበት መንገድ የለም።

መተዳደሪያው አንድ ገጽ ይበቃዋል፦ የወር መዋጮ፣ የሦስት ፈራሚ ስም፣ በአንድ ጊዜ ያለ ጉባኤ ሊወጣ የሚችለው ከፍተኛ መጠን፣ መጠለያው የሚይዘው የእንስሳት ቁጥር ጣሪያ። የመጨረሻው ካልተጻፈ የሚያዝን ሰው ሁሉ እያመጣ 20 የነበረው 45 ይሆናል፤ ያኔ ምግቡም ክትባቱም ለማንም አይበቃም። ጣሪያው ሲሞላ የሚመጣው ውሻ ተከትቦ፣ ተመክኖ፣ ወደነበረበት ሰፈር ይመለሳል። በመርዝ ማጥፋት ችግሩን እንደማይፈታ ለቀበሌም ለከተማ አስተዳደርም መንገር ያስፈልጋል፤ የተከተቡት ሲሞቱ ባዶውን ቦታ ያልተከተቡ ከውጭ መጥተው ይሞሉታል።

መዋጮው በሰኔ ቢጀመር የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ለሚከበርበት መስከረም 18፣ ማለትም ለመስቀል ማግስት፣ የሦስት ወር ገንዘብ ይጠራቀማል። በዚያን ቀን ለከተማው ውሾች የመጀመሪያው ክትባት ይሰጣል፤ ጭቃው ሲደርቅና መንገዱ ሲከፈት፣ በጥቅምት፣ ወደ ገጠር ቀበሌዎች ይወጣል።